ክሬዲት እየተቆጠረ ፊርማ ይሰበሰባል? የሐኪሞች ስልጠናና የፖለቲካ ቅስቀሳ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። አንድ የስፔሻሊስት ሐኪሞች ማኅበር በዓመታዊ ጉባኤው ላይ ስለ ትምባሆ ታክስ የሦስት ሰዓት ስልጠና ሊሰጥ ነው። ስልጠናው ለሙያ ፈቃድ እድሳት የሚያገለግል ክሬዲት አለው። ከአቅራቢዎቹ አንዱ በመጨረሻዎቹ 20 ደቂቃዎች ተሳታፊዎቹን ለሕግ አውጪዎች የሚላክ፣ የትምባሆ ታክሱን ረቂቅ ሕግ የሚደግፍ የድጋፍ ደብዳቤ ማስፈረም ይፈልጋሉ። ሁለት አባላት ግን «ይህ ፖለቲካ እንጂ ትምህርት አይደለም» ብለው በጽሑፍ ቅሬታ አቅርበዋል። የስልጠና ኮሚቴው ሰብሳቢ የሆኑት ጠያቂያችን «ማንኛቸው ናቸው ልክ? መስመሩስ የት ላይ ነው የሚሰመረው?» ይላሉ።

ስለ ታክሱ ማስተማር ይቻላል፤ ሐኪም ለሕግ አውጪ እንዴት እንደሚያስረዳ ማሰልጠንም ይቻላል፤ ሁለቱም ክሬዲት ሊያዝላቸው ይችላል። ደብዳቤውን ማስፈረም ግን በዚያ ሰዓትና በዚያ አዳራሽ መሆን የለበትም። ቅሬታ አቅራቢዎቹ ያዩት ችግር አለ፤ ነገር ግን ችግሩ ያለው ርዕሱ ላይ ሳይሆን ፊርማው ላይ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከርዕሱ እንጀምር። በአሜሪካ ለሐኪሞች ተከታታይ ትምህርት አዘጋጆች ዕውቅና የሚሰጠው ኤሲሲኤምኢ ትምህርቱን ሲተረጉም፣ ሐኪሙ ለታካሚዎች፣ ለሕዝብ ወይም ለሙያው በሚሰጠው አገልግሎት የሚጠቀምበትን እውቀትና ክህሎት የሚያዳብር ሁሉ ይካተታል ይላል። «ለሕዝብ» የምትለዋ ቃል እዚያ የገባችው በዋዛ አይደለም። የካናዳው የሐኪሞችና የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅም በ2015 ባደሰው ካንሜድስ በተባለው ማዕቀፉ ከሐኪም ሰባት ሚናዎች አንዱ ለጤና መሟገት እንደሆነ አስፍሯል። ትምባሆን በተመለከተ ደግሞ ነገሩ የቆየ ነው፦ የለንደኑ የሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ በ1962 ባወጣው ሪፖርት ሲጋራ የሳንባ ካንሰር እንደሚያመጣ አስረድቶ ብቻ አላበቃም፤ መንግሥት በሲጋራ ላይ ታክስ እንዲጨምርና ማስታወቂያውን እንዲገድብም ጠይቋል። ስለዚህ «ታክስ የሐኪም ጉዳይ አይደለም» የሚለው ክርክር ብዙ አያስኬድም።

ፊርማው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ምክንያቱም አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ሐኪም እንደ ማንኛውም የስብሰባ ታዳሚ ነጻ አይደለም። ክሬዲቱን ካላሟላ ፈቃዱ አይታደስለትም። የመውጫ ፊርማውን ሳያኖር ከሄደ ሰዓቱ አይያዝለትም። ሁኔታውን በዓይነ ኅሊናዎ ይዩት፦ የመገኘት ፊርማ የሚፈረምበት ወረቀትና የድጋፍ ደብዳቤው እዚያው አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የክፍል ኃላፊው ሁለቱንም ፈርመው እስክሪብቶውን ከኋላቸው ላለው ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን በመሠልጠን ላይ ላለ ሐኪም) አቀበሉት። ያ ሬዚደንት በሚቀጥለው ወር በእኚሁ ኃላፊ ይገመገማል። ደብዳቤው በፈቃድ የሚፈረም መሆኑ በትልልቅ ፊደል ቢጻፍበትም እንኳ ፊርማው የፈቃድ ፊርማ አይሆንም። እንዲህ የተሰበሰበ ፊርማ ለዘመቻውም አይበጅም፤ ተቃዋሚ ወገን «በስልጠና ስም አስፈርመዋቸው ነው» ካለ ደብዳቤው ብቻ ሳይሆን በጠዋቱ ክፍለ ጊዜ የቀረበው ማስረጃም አብሮ ይጠረጠራል።

እዚህ ላይ ብዙ ኮሚቴዎች የሚሳሳቱት ደንቡ ውስጥ «ፖለቲካ» የሚለውን ቃል በመፈለግ ነው። አያገኙትም። ኤሲሲኤምኢ በ2020 መጨረሻ አውጥቶ ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋላቸው አምስት መመዘኛዎች በዋናነት የተጻፉት የመድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ ኩባንያዎችን ተጽዕኖ ለመከላከል ነው። ለፖለቲካ ቅስቀሳ ጥያቄ በቀጥታ የሚያገለግለው የመጀመሪያው መመዘኛ ሲሆን እሱም ከሌሎች ነገሮች ጋር እነዚህን ሦስቱን ይጠይቃል፦ ታካሚን የሚመለከት ምክር በወቅታዊ ሳይንስ፣ በማስረጃና በክሊኒካዊ ምክንያት ላይ እንዲቆም፣ አማራጮች ሚዛናዊ በሆነ መንገድ እንዲቀርቡ፣ ገና ያልጠራ ጉዳይ ሲነሳ ደግሞ ያልጠራ መሆኑ በግልጽ እንዲነገር። የቀረውን ኮሚቴው ከሌሎቹ መመዘኛዎች መንፈስ ወስዶ የራሱን ደንብ መጻፍ አለበት።

ትምህርትንና ቅስቀሳን ለመለየት ከሁሉ በላይ የሚረዳው መሣሪያ የሚገኘው ከሕክምናው ዓለም ውጭ ነው። የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት አንድ አቋም ያለው ድርጅት «የማስተምር ነኝ» ሲል እውነት ማስተማሩን የሚመረምርበትን አሠራር በ1986 አውጥቷል። ይህ አሠራር የድርጅቱን አቋም አይመረምርም፤ አቋሙ የሚቀርብበትን ዘዴ ነው የሚያየው። መጥፎ የሚባሉት ምልክቶች አራት ናቸው። አንደኛው፣ ከቀረበው ውስጥ ጉልህ የሆነው ክፍል በፍሬ ነገር ያልተደገፈ አስተያየት ሲሆን። ሁለተኛው፣ ድጋፍ ተብለው የቀረቡት ፍሬ ነገሮች የተጣመሙ ሲሆኑ። ሦስተኛው፣ ስሜት የሚያነሳሱና ሌላውን የሚያጣጥሉ ቃላት ሲበዙና መደምደሚያው ከምርመራ ይልቅ በስሜት ላይ ሲያርፍ። አራተኛው፣ አቀራረቡ የአድማጩን የእውቀት ደረጃና ሙያ ከግምት ሳያስገባ ሲቀርና እንዲገባው ያልታሰበ ሲሆን። የትም አገር ብትሆኑ እነዚህን አራቱን በአንድ ገጽ አትማችሁ፣ ከስልጠናው አስቀድሞ ስላይዱን ለሚያነቡት ሁለት ገምጋሚዎች ስጧቸው። ከሁለቱ አንዱ የዘመቻው ደጋፊ ያልሆነ ሰው ይሁን። ሁለቱም ደጋፊ ከሆኑ ሦስተኛውን ምልክት ማየት ይቸግራቸዋል፤ የራስ ወገን ቃል ሲያነሳሳ ለጆሮ አይታወቅም።

ይህን መመርመሪያ በአንድ ስላይድ ላይ እንሞክረው። ርዕሱ «ታክሱ ሕይወት ያድናል! ረቂቁ አሁኑኑ ይጽደቅ!» ይላል። ከሥሩ ያለው አንድ ቁጥር ነው፦ «10 በመቶ ጭማሪ ፍጆታን በ4 በመቶ ይቀንሳል።» ቁጥሩ ውሸት አይደለም፤ ግን እንዲህ ተቆርጦ ሲቀመጥ ያሳስታል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚጠቅሰው ግምት የሲጋራ ዋጋ በ10 በመቶ ሲጨምር ፍጆታው ከፍተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች በ4 በመቶ ገደማ፣ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው ደግሞ በ5 በመቶ ገደማ ይቀንሳል የሚል ነው። ጭማሪ የተባለው የዋጋው እንጂ የታክሱ አይደለም። ታክሱ ከመሸጫ ዋጋው 40 በመቶ ከሆነና ታክሱ ብቻ በ10 በመቶ ቢጨምር፣ ኩባንያው ጭማሪውን በሙሉ ወደ ገዢው ቢያሳልፈው እንኳ ዋጋው የሚጨምረው 4 በመቶ ነው፤ ፍጆታው የሚቀንሰውም 4 ወይም 5 በመቶ ሳይሆን 2 በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። ስላይዱን ያየ ሐኪም ይህንኑ ቁጥር ይዞ የገንዘብ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ፊት ቢቀርብ የመጀመሪያው የኢኮኖሚ ባለሙያ ጥያቄ ላይ ይወድቃል። ቅስቀሳ ትምህርትን ሲተካ የሚጎዳው ተቃዋሚውን ብቻ አይደለም፤ ለጉዳዩ ሊሟገት የተነሳውን ሐኪም ራሱን ባዶ እጁን ይልከዋል።

ሁለተኛው ስሕተት ከቁጥሩ ወደ «ይጽደቅ» የተዘለለው ዝላይ ነው። በመካከል ሦስት እርከኖች አሉ። ዋጋ ሲጨምር ፍጆታ እንደሚቀንስ ማስረጃው ጠንካራ ነው። የትኛው ዓይነት ታክስ ይሻላል በሚለውም ማስረጃው ብዙ ይናገራል፦ በፓኮ ቁርጥ ያለ ሒሳብ የሚጣል ታክስ ርካሹንም ውዱንም እኩል ስለሚጨምር አጫሹ ወደ ርካሽ ዓይነት እንዳይሸሽ ይረዳል፤ በዋጋው መቶኛ የሚጣለው ግን በርካሹና በውዱ መካከል ያለውን ልዩነት ያሰፋዋል። ቁርጥ ያለው ታክስ በበኩሉ የዋጋ ንረት እየታየ ካልታደሰ ከዓመት ዓመት ይሟሽሻል። ሦስተኛው እርከን ግን የሳይንስ ብቻ አይደለም፦ ማጨስ ያላቆመ ድሃ ቤተሰብ ከገቢው ላይ የሚከፍለው ድርሻ ከፍ ይላል፤ በሌላ በኩል ለዋጋ ይበልጥ ስሜት ያለውና ማጨስ በማቆሙ ይበልጥ የሚጠቀመው ራሱ ድሃው ነው። ይህን መዝኖ «ይጽደቅ» ወይም «ይቅር» ማለት የእሴት ውሳኔ ነው። ባለ ክሬዲቱ ስልጠና ተሳታፊውን እስከዚህ ሦስተኛ እርከን ደጃፍ ድረስ ያደርሰዋል፤ እጁን ይዞ አያስገባውም።

ስለዚህ ስላይዱ ሲታረም ርዕሱ «የዋጋ ጭማሪ በፍጆታ ላይ የሚያመጣው ለውጥ» ይሆናል፤ የሁለቱ የገቢ ደረጃዎች ግምት ለየብቻ ይቀመጣል፤ በታክስና በዋጋ መካከል ያለው ልዩነት በምሳሌ ይሰላል፤ ረቂቁ ምን ዓይነት ታክስ እንደሚጥል ከነአንቀጹ ይገለጻል። የቃለ አጋኖ ምልክት የለበትም።

የመማር ዓላማውንም እንዲሁ ፈትሹት። «ተሳታፊዎች ረቂቁን እንዲደግፉ ማድረግ» የመማር ዓላማ ሳይሆን የዘመቻ ግብ ነው። «ተሳታፊው የአንድን ታክስ ጭማሪ ውጤት ያሰላል፤ በረቂቁ ላይ የሚነሱ ሁለት ጠንካራ ተቃውሞዎችን ከነማስረጃቸው ያብራራል» የሚለው ግን ሊለካ የሚችል ዓላማ ነው። በጣም ተደብቆ የሚያልፈው የማጠቃለያ ፈተናው ነው። «ሐኪም ይህን ረቂቅ የመደገፍ ሙያዊ ግዴታ አለበት፤ እውነት ወይስ ሐሰት?» የሚል ጥያቄ ከገባበት፣ በረቂቁ የማይስማማው ሐኪም ነጥቡን ለማግኘት የማያምንበትን መምረጥ አለበት። ክሬዲት የሚሰጥበት ፈተና ማንንም እንዲዋሽ ማስገደድ የለበትም። የድኅረ ስልጠና መጠይቁም እንዲሁ ነው። «ከስልጠናው በኋላ በሥራዎ ላይ ምን ይለውጣሉ?» ብሎ ክፍት መጠየቅ ደህና ነው፤ «ደብዳቤውን እፈርማለሁ» የሚል ሳጥን አስቀምጦ ማስመረጥ ግን በሌላ ስም የመጣ ፊርማ ማሰባሰብ ነው።

«ሚዛናዊ» ሲባል ግማሽ በግማሽ ማለት እንዳልሆነ ለኮሚቴው አስረግጠው ይንገሩ። የትምባሆ ኩባንያ ተወካይ መጋበዝ አይጠበቅባችሁም፤ መጋበዝም የለባችሁም። በ2003 የጸደቀውና በ2005 ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት በአንቀጽ 5.3 አባል አገሮች የጤና ፖሊሲያቸውን ከትምባሆ ኢንዱስትሪ የንግድ ጥቅም እንዲጠብቁ ያዛል። ሚዛን የሚጠበቀው የሚቀርበው ተቃውሞ እውነተኛና የንግድ ጥቅም የሌለበት ሲሆን ነው፦ ስለ ኮንትሮባንድ የሚያጠና የኢኮኖሚ ባለሙያ፣ ታክሱ በድሃው ላይ ይከብዳል የሚል የማኅበራዊ ፖሊሲ ተመራማሪ። ተቃራኒውን ሐሳብ ደጋፊው ራሱ ቢያቀርበውም ይሆናል፤ ባለቤቶቹ ቢሰሙት «አዎ፣ እኛ የምንለው ይህንኑ ነው» እስኪሉ ድረስ በሙሉ ኃይሉ መቅረብ ግን አለበት።

የክህሎት ክፍለ ጊዜውን በተመለከተ፣ 20 ደቂቃው ከፊርማ ይልቅ ለልምምድ ቢውል ሐኪሙ ይበልጥ ይጠቀማል። አራት አራት ሆነው ይቀመጡ፤ አንዱ የምክር ቤት አባል፣ አንዱ ሐኪም፣ ሁለቱ ታዛቢ ይሁኑ። ሐኪሙ ሦስት ደቂቃ ብቻ ይሰጠው፦ አንድ ቁጥር፣ ከክሊኒክ አንድ ተጨባጭ ሁኔታ፣ አንድ ግልጽ ጥያቄ። ከዚያ ቦታ ይቀያየሩ፤ ግማሾቹ ቡድኖች ረቂቁን ደግፈው፣ ግማሾቹ ማሻሻያ ጠይቀው ይከራከሩ። የጽሑፍ ልምምድ ካለ ወረቀቱ ከጸሐፊው ጋር ይሂድ፤ አዘጋጁ አይሰብስበው፤ ለማንም አይላክ። ሁለት ነገር እግረ መንገዳችሁን አስተምሩ። አንደኛ፣ የታካሚ ታሪክ ያለ ፈቃድ ወደ አደባባይ አይወጣም። ስም መደበቅ ብቻ አይበቃም፤ በአሜሪካው የታካሚ ምስጢር ደንብ ማንነትን ይገልጣሉ ተብለው የተዘረዘሩት መለያዎች 18 ሲሆኑ ቀኖችና ከክልል ያነሱ አድራሻዎች ይገኙባቸዋል። ሁለተኛ፣ ሐኪሙ በማን ስም እንደሚናገር አስቀድሞ ይወስን፦ በራሱ፣ በማኅበሩ ወይስ በአሠሪው። ሐኪም በተናገረው ነገር ባይቀጣ እንኳ የሆስፒታሉን አርማ የያዘ ወረቀት ላይ በመጻፉ ሊቀጣ ይችላል።

አቅራቢዎቹ ምን ማሳወቅ አለባቸው? በኤሲሲኤምኢ መመዘኛ መሠረት ባለፉት 24 ወራት ታካሚዎች የሚገለገሉባቸውን የጤና ምርቶች ከሚያመርቱ ወይም ከሚሸጡ ኩባንያዎች ጋር የነበረ የገንዘብ ግንኙነት ሁሉ፣ መጠኑ ምንም ያህል ትንሽ ይሁን፣ ይገለጻል። በዘመቻ ድርጅት ውስጥ የቦርድ አባል መሆን ግን ክፍያ ከሌለው በዚህ ውስጥ አይወድቅም። ደንቡ ባይጠይቅም ጠይቁት። አንድ መስመር ይበቃል፦ «አቅራቢው ረቂቁን የሚደግፈው ጥምረት የቦርድ አባል ናቸው፤ ክፍያ አያገኙበትም።» አድማጩ ይህን ካወቀ የራሱን ሚዛን ያበጃል። ካላወቀና በኋላ ከሌላ ሰው ከሰማ ግን የተማረውን ሁሉ መጠራጠር ይጀምራል።

በዚህ አጋጣሚ ከትምባሆው ይልቅ አደገኛ ስለሆነው አንድ ነገር ልናገር። ፖለቲካ መስሎ የሚመጣ ንግድ አለ። «ይህን አዲስ ምርመራ የጤና መድን እንዲሸፍነው እንሟገት» የሚል ስልጠና የታካሚዎችን መብት ይዞ ይመጣል፤ ከበስተጀርባው የምርመራው አምራች ለታካሚዎች ማኅበር የሰጠው ገንዘብ ሊኖር ይችላል። የሕግ ማሻሻያ የሚጠይቅ ማንኛውም ስልጠና ሲቀርብላችሁ «ይህ ሕግ ቢጸድቅ ገቢው የሚጨምረው የማነው? እሱስ በዝግጅቱ ውስጥ እጁ አለበት?» ብላችሁ መጠየቅ ግዴታችሁ ነው። መልሱ አንድን ኩባንያ ካመለከተ ጉዳዩ የቅስቀሳ ሳይሆን የማስታወቂያ ጉዳይ ሆኗል፤ የኩባንያዎችን ተጽዕኖ የሚከላከለው ደንብ በሙሉ ይሠራበታል።

አሁን ደብዳቤው የት ይሂድ? ኤሲሲኤምኢ በአካል ለሚሰጥ ስልጠና የኩባንያ ማስታወቂያና ኤግዚቢሽን ከትምህርቱ 30 ደቂቃ በፊትና 30 ደቂቃ በኋላ በትምህርቱ አዳራሽ ውስጥ እንዳይካሄድ ይከለክላል። ይህን ደንብ ለፊርማም ተዋሱት። ማኅበሩ ደብዳቤውን ማስፈረም ከፈለገ በሌላ ክፍል፣ በሌላ ሰዓት፣ በመርሐ ግብሩ ላይ «የማኅበሩ የሕግ ጉዳዮች ዝግጅት፤ ክሬዲት የለውም» ተብሎ ታትሞ ይሁን። ክሬዲቱንም አስተካክሉ፦ ዕረፍት የሌለው የ180 ደቂቃ መርሐ ግብር 20ው ደቂቃ ለቅስቀሳ ከሄደ ለትምህርት የቀረው 160 ደቂቃ ነው። በአሜሪካው አሠራር አንድ ሰዓት አንድ ክሬዲት ሆኖ ወደ ቅርቡ ሩብ ሰዓት ስለሚጠጋጋ 2.75 ክሬዲት እንጂ 3 አይባልም። 20ው ደቂቃ ወደ ልምምድ ከተለወጠ ግን ሦስቱም ክሬዲት ሙሉ ነው።

ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በመድረክ ላይ ሳይሆን ከስልጠናው በኋላ ነው። የተሳታፊዎች ስልክና ኢሜይል የተሰበሰበው ለክሬዲት ምዝገባ ነው፤ ወደ ዘመቻው ዝርዝር አይተላለፍም። የምስክር ወረቀቱ በሚላክበት ኢሜይል ግርጌ የፊርማ ሊንክ ማስገባት ስፍራው ተቀየረ እንጂ ያው ጠረጴዛው ላይ የነበረው ደብዳቤ ነው። ሌላው ቀዳዳ የጥያቄና መልስ ሰዓቱ ነው። ያኔ አቅራቢው ስላይዱ ላይ ያልጻፉትን ይናገራሉ። አወያዩ አንድ ዓረፍተ ነገር በእጁ ይያዝ፦ «እሱ የማኅበሩ አቋም ነው፤ ከሰዓት በኋላ በሌላው ክፍል ይቀጥላል፤ እዚህ ወደ ማስረጃው እንመለስ።» ይህን ማለት ያለበት ከአቅራቢው በማዕረግ የማያንስ ሰው ነው፤ ጀማሪ አወያይ ፕሮፌሰርን አያቋርጥም።

ፓርቲና ዕጩ በስም መጥራት በየትኛውም ሰዓት ከባለ ክሬዲቱ አዳራሽ ውጭ ነው። ባለሥልጣን መጥቶ ረቂቁን ቢያብራራ ችግር የለውም፤ ዕጩ ሆኖ በምርጫ ሰሞን ከመጣ ግን ሌላ ሰው ይተካ። ማኅበሩ የግብር ነጻነት ካለው የአገሩን ሕግ በባለሙያ ያስመርምር። ለምሳሌ በአሜሪካ 501 ሲ 3 የሚባሉት በጎ አድራጊና የትምህርት ድርጅቶች በምርጫ ዘመቻ እንዳይገቡ ከ1954 ጀምሮ ተከልክለዋል፤ ለሕግ ጉትጎታ የሚያወጡት ደግሞ በ1976 የወጣውን ስሌት ከመረጡ ከመጀመሪያው 500,000 ዶላር ዓመታዊ ወጪ 20 በመቶ ላይ ይጀምርና ምንም ያህል ትልቅ ቢሆኑ ከ1 ሚሊዮን ዶላር አያልፍም። ስለዚህ የደብዳቤው ማተሚያና የሠራተኛው ሰዓት ከስልጠናው በጀት አይወጣም፤ ለብቻው ይመዝገብ።

ለሁለቱ ቅሬታ አቅራቢዎች ስልጠናው ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ መልሱላቸው፦ ርዕሱ እንደሚቀጥል፣ ፊርማው ከክሬዲቱ ሰዓትና ከአዳራሹ እንደወጣ፣ ስላይዶቹ በሁለት ገምጋሚዎች እንደታዩ። ፈቃደኛ ከሆኑ አንዳቸውን ከገምጋሚዎቹ አንዱ አድርጓቸው። አቅራቢውንም ዛሬውኑ ደውላችሁ አነጋግሯቸው፤ የስልጠናው ቀን ጠዋት ላይ ከተነገራቸው እንደ ውርደት ይቆጥሩታል፤ ከሁለት ሳምንት በፊት ከሰሙት ግን የልምምዱን ክፍለ ጊዜ ከማንም በላይ አሳምረው የሚያዘጋጁት እሳቸው ናቸው።